ለ21 ሰከንድ የሚዘጋጅ ሰው

ውድ ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በስፖርት መምህርነትና ውሃ ዋና በማሰልጠን ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ወጣቶች እየመጡ ያማክሩኛል። የሚጠይቁኝ ስለ ስፖርት ብቻ አይደለም። ስለ ትምህርት፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ሥራ ፍለጋም ያወሩኛል። ብዙዎቹ ወሬውን የሚጀምሩት በሰዓት ነው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ እስከ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አጠናለሁ» ይላል አንዱ። «ሳምንቱን ሙሉ ጂም ነኝ» ይላል ሌላው። «ጎሽ፣ ለምኑ ነው የምትዘጋጀው?» ስል ግን ነገሩ ይድበሰበሳል።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አንድ ውድድር አለ። ብዙዎቻችሁ አላያችሁትም። ያን ምሽት ሀገሩ ሁሉ ሌላ ነገር ነበር የሚጠብቀው።

ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2 ቀን 2024። የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ የተካሄደበት ምሽት። በሪሁ አረጋዊ በ26 ደቂቃ ከ43.44 ሰከንድ ገብቶ ብር ያገኘበት። ኡጋንዳዊው ቼፕቴጌ የቀደመው በ30 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ያልጮኸ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ግን በዚያው ከተማ፣ ላ ዴፋንስ በሚባለው የራግቢ ስታዲየም ውስጥ በተገጠመ ጊዜያዊ ገንዳ፣ ስምንት ወንዶች ለ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ፍጻሜ ቆመው ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳትደናገሩ።)

50 ሜትር ማለት የገንዳው አንድ ርዝመት ነው። መዞር የለም። ተሳስቶ ማካካስ የለም። ከመነሻው ትዘላለህ፣ ከውሃው በታች ትሄዳለህ፣ ትወጣለህ፣ ትቀዝፋለህ፣ ግድግዳውን ትነካለህ፣ አበቃ። አውስትራሊያዊው ካሜሮን ማክኤቮይ በ21.25 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። እንግሊዛዊው ቤን ፕራውድ 21.30 ሆነ። ፈረንሳዊው ፍሎረን ማናዱ በሀገሩ ሕዝብ ፊት በ21.56 ሦስተኛ ሆነ። በወርቁና በብሩ መካከል የነበረው 5 መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያ ፍጥነት ሲሰላ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ስንዝር አይሞላም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። በውሃ ዋና ሰዓት የሚያዘው እስከ መቶኛ ብቻ ነው። በ1972 ሙኒክ ላይ አንድ የ400 ሜትር ፍጻሜ በ2 ሺሕኛ ሰከንድ ልዩነት ተወስኖ ነበር። በኋላ ሲታሰብ ነገሩ ልክ አልሆነም። ገንዳ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። የአንዱ መስመር ግድግዳ ከሌላው በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊወፍር ይችላል። ሺሕኛ ሰከንድ ደግሞ በዋናተኛ ፍጥነት ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ዛሬ በመቶኛ እኩል የገቡ እኩል ናቸው። በ2000 ሲድኒ ላይ አሜሪካውያኑ አንቶኒ ኧርቪንና ጋሪ ሆል ጁኒየር በ50 ሜትር ሁለቱም 21.98 ገብተው ሁለቱም ወርቅ ወሰዱ። ይህን ደንብ እወደዋለሁ። መለካት የማትችለውን ለካሁ አትልም።

ወደ ማክኤቮይ ልመለስ።

ይህ ሰው ፓሪስ ሲደርስ 30 ዓመቱ ነበር። አራተኛ ኦሊምፒኩ ነው። ከዚያ በፊት በዱላ ቅብብል ነሐስ አግኝቷል፤ በግሉ ግን አንድም ሜዳሊያ አልነበረውም። በ2016 ሪዮ ሲሄድ በ100 ሜትር ወርቁ የእሱ ነው ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት በሀገሩ ሻምፒዮና 47.04 ዋኝቷል። ሪዮ ላይ ፍጻሜ ደረሰና ሰባተኛ ወጣ። ወርቁን የወሰደው የሀገሩ ልጅ፣ የ18 ዓመቱ ካይል ቻልመርስ ነው፤ በ47.58። ልብ በሉ፤ ማክኤቮይ ከወራት በፊት የዋኘውን ሰዓት ቢደግም ኖሮ በግማሽ ሰከንድ ያሸንፍ ነበር። ቶኪዮ ላይ ደግሞ በግሉ ፍጻሜም አልደረሰም።

ከቶኪዮ በኋላ ከገንዳ ወጣ። ከአንድ ዓመት በላይ ራቀ። ድንጋይ መውጣት ጀመረ፤ በገዛ ሰውነት ክብደት የሚሠራ ጂምናስቲክ ዓይነት ልምምድም ሞከረ። ሰውዬው ፊዚክስ የተማረ ነው፣ ጓደኞቹ «ፕሮፌሰር» ይሉታል። ውሃው ናፍቆት ሊመለስ ሲያስብ የጠየቀው ጥያቄ የፊዚክስ ተማሪ ጥያቄ ነበር። የምወዳደረው ለ21 ሰከንድ ነው፤ ታዲያ ለምንድን ነው እንደ ረጅም ርቀት ዋናተኛ የምለማመደው?

በዋና ዓለም የኖረ ልማድ አለ። የ50 ሜትርም ሆነ የ1,500 ሜትር ዋናተኛ ጠዋት ተነስቶ ኪሎ ሜትሩን ይቆጥራል። ማክኤቮይም በሳምንት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይዋኝ ነበር። ሲመለስ ይህን ወደ ጥቂት ኪሎ ሜትር አወረደው። በምትኩ ጂም ገባ፣ ከባድ ክብደት አነሳ። ውሃ ውስጥ ሲገባ በውድድር ፍጥነት ወይም ከዚያ በላይ አጭር ርቀት ይዋኛል። ከዚያ ያርፋል። በደንብ ያርፋል። አሰልጣኙ ቲም ሌን ይህን ሁሉ አብሮት አሰበበት።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ውሃ ከፍጥነት ጋር ይጨክናል። ፍጥነታችሁን በአሥር በመቶ ልጨምር ብትሉ በየሰከንዱ ማውጣት ያለባችሁ ጉልበት ከሠላሳ በመቶ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ በዝግታ ለብዙ ሰዓት የሚዋኝ ሰው ሰውነቱን የሚያስተምረው በዝግታ ለብዙ ሰዓት መዋኘትን ነው። የእጁ አገባብ፣ የእግሩ ምት፣ ውሃውን የሚይዝበት ማዕዘን ሁሉ በፍጥነት ጊዜ ሌላ ነው። የደከመ ጡንቻ ደግሞ ፈጥኖ አይኮማተርም። ስለዚህ ለአጭር ርቀት ዋናተኛ እረፍቱ ራሱ የልምምዱ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ነው እናንተን የማስባችሁ።

እኛ ሀገር ልፋት ይከበራል። ጥሩ ነው፣ እኔም በዚያ ነው ያደግኩት። ላቡ የጠፈጠፈ ልጅ ሳይ አሁንም ልቤ ይሞቃል። ግን ቀስ በቀስ ልፋቱን ከሥራው ለይተን ማየት አቃተን። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ጎረቤቴ ነበር። ደብተሩን ከሽፋን እስከ ሽፋን በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ አስምሮበታል። አራት ጊዜ አንብቦታል። «የድሮ ፈተና ሠርተህ ታውቃለህ?» አልኩት። «መጀመሪያ አንብቤ ልጨርስ ብዬ ነው» አለኝ። ፈተናው በሰዓት የተገደበ፣ ምርጫ ያለበት፣ ጭንቅ የሚነሳ ነገር ነው። ልጁ የተለማመደው ግን አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ማስመርን ነው። ሥራ ፈላጊዎችም እንዲሁ ናችሁ። ሲቪ ታስውባላችሁ፣ ፎንቱን ትቀያይራላችሁ፣ ሰርተፍኬት በሰርተፍኬት ላይ ትደርባላችሁ። ኢንተርቪው ላይ የሚያስፈልገው ግን ከማያውቁት ሰው ፊት ተቀምጦ ስለ ሥራ በአፍ ማስረዳት ነው። ይህን ጮክ ብላችሁ፣ ሰው ፊት፣ ስንት ጊዜ ሞከራችሁት?

የምመክራችሁ ይህንን ነው። ሰዓት ከመቁጠራችሁ በፊት ቀኑን አስቡት። የምትፈተኑበት ቀን ምን ይመስላል? ስንት ደቂቃ ነው? ተቀምጦ ነው ቆሞ? ብቻን ነው ከሰው ጋር? ምኑ ላይ ነው ሰው የሚወድቀው? ከዚያ የሳምንቱን ልምምዳችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡት። የማይመሳሰሉ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ መቀመጣችሁ ብዙም አይረዳም።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ ይታየኛል። «በቃ፣ ትንሽ ሠርቶ ማረፍ ነው!» አይደለም። ማክኤቮይ ልምምዱን የቀነሰው ከአሥር ዓመት በላይ ከባዱን ዋና ከዋኘ በኋላ ነው። ውሃውን ያውቀዋል። ጂም ውስጥ የሚያነሳው ክብደት ደግሞ የሚያስቀልድ አይደለም። በተጨማሪም ይህ ዘዴ ለሁሉም አይሆንም። ያን ምሽት በሪሁ የሮጠው ሃያ ስድስት ደቂቃ ነው፤ በዚያ ሩጫ ላይ በሳምንት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሮጠ ሰው አሥረኛውን ዙር አይጨርስም። ለ10,000 ሜትር ብዛት ራሱ የግድ ነው። የእንጦጦ ዳገትና የሰንዳፋ መንገድ ያለ ምክንያት አልተመረጡም። የሁለቱ ሰዎች ልምምድ የሰማይና የምድር ያህል የተለያየ ነው፤ ሁለቱም ግን ልክ ናቸው። ችግር የሚመጣው የአንዱን ፕሮግራም ከዩቲዩብ አውርደን ለሌላው ስንሰጥ ነው።

ሮቤል ኪሮስን ታስታውሱታላችሁ። በሪዮ 2016 በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ኢትዮጵያን ወክሎ ዋኘ፤ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ፣ የመጨረሻው ሰዓት። በሶሻል ሚዲያ ብዙ ተቀለደበት። ለውድድሩ ስለ ተመረጠበት መንገድ የተነሳው ክርክር ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚህ አልገባበትም። እሱ ግን ያኔ የተናገረው ነገር ልክ ነበር፤ እኛ ሀገር ሁሉም ሰው ጠዋት ተነስቶ ይሮጣል፣ እኔ መዋኘት ነው የፈለግኩት ነው ያለው። የሯጭ ሀገር ልጅ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ችግሩ የገንዳ እጥረት ብቻ አይደለም። አስተሳሰባችንም የሯጭ ነው። እኔ ያሰለጠንኳቸው ልጆች ወላጆች ልጃቸው ገንዳ ዳር ተቀምጦ ሲያርፍ ሲያዩ ገንዘባቸው የባከነ ይመስላቸው ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬም ተቀመጠ እንዴ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው፤ ሰዓቱን አሳያቸዋለሁ።

ከአሰልጣኝና ከአለቃ ጋር ስለ መነጋገርም ትንሽ ልበል። ማክኤቮይ ከአሰልጣኙ ጋር ተጣልቶ አይደለም የራሱን ያደረገው። ሐሳቡን አስረዳ፣ ሞከሩት፣ ሰዓቱን ለኩ። ከእናንተ መካከል አለቃው ኋላቀር እንደሆነ የሚነግረኝ ብዙ ነው። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «ይህ አይሠራም» ከማለት «ጋሼ፣ ለሁለት ሳምንት በዚህ ልሞክረውና ውጤቱን አብረን እንይ» ማለት ይሻላል። እኛ ትልልቆቹ ክርክር አንወድም፤ ቁጥር ሲመጣ ግን ዝም እንላለን። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነኝ።

የሰውዬው ውጤት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣም አይደለም። በ2023 ፉኩኦካ ላይ በ21.06 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱ ዶሃ ላይ በዩክሬናዊው ቭላዲስላቭ ቡኮቭ በአንዲት መቶኛ ሰከንድ ተበለጠ፤ 21.44 ለ21.45። ሰው ለአንዲት መቶኛ ብሎ መንገዱን ይቀይራል? እሱ አልቀየረም። ከስድስት ወር በኋላ ፓሪስ ነበር። በ2025 ሲንጋፖር ላይ ደግሞ በ31 ዓመቱ 21.14 ዋኝቶ እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አንዳንዶቻችሁ በሃያ አምስት ዓመታችሁ «ጊዜዬ አለፈ» እያላችሁ ነው የምትመጡብኝ። ያ በሲድኒ ወርቅ የተጋራው ኧርቪን እኮ ሪዮ ላይ ተመልሶ በ35 ዓመቱ በ21.40 ይህንኑ 50 ሜትር አሸንፏል፤ ማናዱን በአንዲት መቶኛ ቀድሞ። በመካከሉ ለዓመታት ከዋና ርቆ ነበር።

ይህን አንብባችሁ ገንዳ ለመሄድ የምትነሱ ካላችሁ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ደብዳቤውን ብዘጋ የሙያዬን አልሠራሁም። 50 ሜትር የሚዋኙ ሰዎች ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሳይተነፍሱ ነው የሚዋኙት፤ ጭንቅላት በዞረ ቁጥር ፍጥነት ስለሚቀንስ። ከውድድሩ በቀላሉ የሚኮረጀው ደግሞ ይሄ ነው። ጡንቻውንና ዓመታቱን መኮረጅ አይቻልም፣ ትንፋሽ መያዝ ግን ማንም ይችላል። ወጣቶች ተወራርደው ከውሃ በታች የሚቆዩት ለዚህ ነው። በተለይ ከመግባታችሁ በፊት ደጋግማችሁ በፍጥነት አትተንፍሱ። እንዲያ ስታደርጉ ሰውነት «ተንፍስ» የሚላችሁን ምልክት ያጣል፣ ሳታውቁት ውሃ ውስጥ ራሳችሁን ትስታላችሁ። ጎበዝ ዋናተኞችም እንዲህ ሞተዋል። ትንፋሽ ይዞ መዋኘት የሚሞከረው ውሃ ዳር ቆሞ የሚያያችሁ፣ ማውጣት የሚችል ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ስልክ እያየ የሚቆም ሰው እንደ ሰው አይቆጠርም። ለጀማሪ ደግሞ የመጀመሪያው ወር ሥራ በዝግታ፣ በየሦስት ቀዘፋው እየተነፈሰ፣ ጥልቀት በሌለው በኩል ነው።

አክባሪያችሁ፣ የቀድሞ የስፖርት መምህራችሁ