ቀንድ አውጣም ያረጃል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አያቴ ካረጁ ወዲህ ምግብ ቀነሱ። እርጅና በባሕር ቀንድ አውጣ ይጠናል ሲባል ሰማሁ። ምን አገናኛቸው? (ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ባሕር ለማናውቅ ለሸዋ ደገኞች ይገርማል! እንስሳው አፕሊዥያ ይባላል። ዕድሜው 1 ዓመት ገደማ ስለሆነ ቶሎ ያረጃል። የነርቭ ሕዋሱ 20,000 ገደማ ብቻ ነው፤ አንዳንዱማ በዓይን ይታያል፤ ስለዚህ እርጅናን በእሱ ማጥናት ይቀላል። ወጣቱ፣ የባሕር ሣር ከንፈሩን ሲነካው ወዲያው አፉን ከፍቶ በሻካራ ምላሱ ይይዘዋል። ያረጀው ይዘገያል። ስሜት ተቀባይ ሕዋሶቹም እንደ ድሮው ቶሎ አይነቁም። በኩሬ ቀንድ አውጣ ደግሞ፣ አበላሉን የሚቆጣጠር ሴሮቶኒን የተባለ የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያመነጭ አንድ ትልቅ የነርቭ ሕዋስ በእርጅና የኤሌክትሪክ ምቱ ይቀንሳል።

አያትህን ግን በቀንድ አውጣ አትመዝናቸው። ምግብ የቀነሱበት ምክንያት የጥርስ ችግር ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይያቸው። እስከዚያው የገብስ አጥሚት ቀጠን አድርገህ ስጣቸው።