አዲስ የሳን ስዊች ሲጨመር፦ የዶሜይን አይዲ ግጭት

ጥያቄ፦ ዳታ ሴንተራችን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ፋብሪኮች (ሰርቨሮችን ከስቶሬጅ ጋር የሚያገናኙ የሳን ኔትወርኮች) አሉን፤ በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ብሮኬድ ስዊች ነው ያለው። ፖርት ስላለቀብን በአንደኛው ፋብሪክ ሌላ ስዊች ጨምረን በፋይበር አገናኘናቸው። መብራቱ በርቷል፤ አዲሱ ስዊች ላይ የሰካነው ሰርቨር ግን ስቶሬጁን አያየውም። «ስዊችሾው» ስንል መገናኛ ፖርቱ ላይ «ሴግመንትድ፣ ዶሜይን ኦቨርላፕ» (ተነጥሏል፣ የዶሜይን ቁጥር ተጋጭቷል) ይላል። የትኛውን ስዊች ነው የምንቀይረው? ሥራስ ይቋረጣል?

መልስ፦ አዲሱን ነው፤ ነባሩን አይንኩት። ሁለቱም ከአምራቹ የመጡት በዶሜይን አይዲ (በፋብሪኩ ውስጥ የስዊቹ መለያ ቁጥር) 1 ስለሆነና ሁለቱም ቀድመው ተነስተው ስለተገናኙ፣ አንድ ፋብሪክ መሆን አልቻሉም።

ሳን በሚሠራበት በፋይበር ቻናል ፕሮቶኮል እያንዳንዱ መሣሪያ የሚያገኘው አድራሻ 24 ቢት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 8 ቢቶች የስዊቹ ዶሜይን አይዲ ናቸው። ስቶሬጁ ፖርት 3 ላይ ከተሰካ አድራሻው 010300 ነው። የነባሩን ስዊች ቁጥር ወደ 5 ቢቀይሩ ይኸው ስቶሬጅ 050300 ይሆናል። ቁጥሩን ለመቀየር ደግሞ ስዊቹ ዲሴብል መደረግ አለበት፤ በዚያ ፋብሪክ ያሉ ሰርቨሮች በሙሉ መንገዳቸውን በአንድ ጊዜ ያጣሉ። አዲሱ ላይ ግን ገና ሥራ ስለሌለ ማንም አይጎዳም።

መጀመሪያ መገናኛ ፋይበሩን ይንቀሉ። በሁለቱም ስዊቾች ላይ «ኮንፊግአፕሎድ» ብለው ቅጂ ያስቀምጡ። ከዚያ አዲሱ ላይ «ስዊችዲሴብል»፣ ቀጥሎ «ኮንፊገር»። «ፋብሪክ ፓራሜተርስ» ብሎ ሲጠይቅ የስ ይበሉና ዶሜይን ላይ 2 ይጻፉ፤ ከ1 እስከ 239 ያለው ሁሉ ይፈቀዳል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ «ኢንሲስተንት ዶሜይን አይዲ»ንም የስ እንዲያደርጉ አጥብቀን እንመክራለን፤ አለበለዚያ ወደፊት ግጭት ሲፈጠር ስዊቹ በራሱ ሌላ ቁጥር ሊወስድ ይችላል። ሌሎቹን በኢንተር ይለፏቸው፤ ነገር ግን ሁለቱ የጊዜ ገደቦች ከነባሩ ጋር እኩል መሆናቸውን ይዩ። መደበኛው አር-ኤ-ቶቭ 10000፣ ኢ-ዲ-ቶቭ 2000 ሚሊሰከንድ ነው። ከተለያዩ ፋይበሩ ሲገናኝ እንደገና ሴግመንት ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ዞኒንጉን (የትኛው ሰርቨር የትኛውን ስቶሬጅ እንዲያይ የሚወስነውን ዝርዝር) ነው። አዲሱ ስዊች ተሞክሮበት ወይም ሌላ ቦታ አገልግሎ ከነበረ በውስጡ የቀረ ዞን ሊኖር ይችላል። ስሙ አንድ ሆኖ ይዘቱ የተለየ ዞን ካለ ዶሜይኑ ቢስተካከልም አይዋሃዱም። ስለዚህ አዲሱ ላይ ብቻ «ሲኤፍጂዲሴብል»፣ «ሲኤፍጂክሊር»፣ «ሲኤፍጂሴቭ» ያድርጉ። የትኛው ስዊች ላይ እንደገቡ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፤ ነባሩ ላይ ከተደረገ የዞን ዝርዝርዎ በሙሉ ይጠፋል።

ከዚያ «ስዊችኢኔብል»፣ ፋይበሩን መልሰው ይሰኩ፣ «ፋብሪክሾው» ይበሉ። ሁለቱም ስዊቾች በየቁጥራቸው መታየት አለባቸው። በሰርቨሮቹ ላይ መልቲፓዝ (ወደ ስቶሬጁ የሚወስዱትን መንገዶች የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር) ሁሉም መንገዶች ደህና መሆናቸውን ካሳየ በኋላ ብቻ ወደ ሁለተኛው ፋብሪክ ይሂዱ። እዚያ ለሚጨምሩት ስዊች ሌላ ቁጥር፣ ለምሳሌ 16፣ ቢሰጡት ይሻላል። አድራሻው በሄክሳዴሲማል ስለሚጻፍ 16 እዚያ 10 ሆኖ ይታያል፤ ተሳሳትኩ ብለው እንዳይቀይሩት።

የነባሩን ስዊች ቁጥር መቀየር የግድ ከሆነ ግን ሦስት ነገር አስቀድመው ይመልከቱ። ዞኖቹ በዶሜይንና በፖርት ቁጥር የተሠሩ ከሆኑ ሁሉም መስተካከል አለባቸው፤ በደብሊውደብሊውኤን (የመሣሪያው የማይቀየር መለያ) የተሠሩት አይነኩም። የአይቢኤም ኤአይኤክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ «ዲዋይኤንትራክ» (dyntrk፣ የአድራሻ ለውጥን የሚከታተለው ቅንብር) የስ ካልሆነ ዲስኮቹ አዲሱን አድራሻ አይከተሉም። ከ11አይ ቨርዥን 3 በፊት ያሉ ኤችፒ-ዩኤክስ ሰርቨሮች ላይ ደግሞ የዲስኩ መንገድ ራሱ አድራሻውን ስለሚይዝ፣ ቮሊዩም ግሩፖቹን (በአንድነት የሚተዳደሩትን የዲስክ ስብስቦች) «ቪጂኤክስፖርት» እና «ቪጂኢምፖርት» ለማድረግ የሚበቃ የጥገና ሰዓት መያዝ ይኖርብዎታል።