በስክሪን ላይ የደመቀ ፎቶ በወረቀት ላይ ለምን ይጨልማል?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ አነስተኛ የፎቶ ስቱዲዮ አለኝ፤ አብዛኛው ሥራዬ ሰርግና ምርቃት ነው። በኮምፒውተር አስተካክዬ የጨረስኩት ፎቶ በራሴ ኢንክጄት ፕሪንተር ሲታተም ይጨልማል። የሙሽራዋ ነጠላ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የጠይም ሰው ፊት ደግሞ ይቀላል። ያንኑ ፋይል ፎቶ ቤት ወስጄ ሳሳጥበው ሌላ መልክ ይዞ ይመለሳል። ሞኒተሩን ከታተመው ጋር ለማመሳሰል ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ጥፋቱ የሞኒተሩ ነው ወይስ የፕሪንተሩ?

መልስ፦ በሞኒተሩ ይጀምሩ፤ የጨለማው መነሻ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ሞኒተር የራሱን ብርሃን ያመነጫል፤ ወረቀት ግን ያረፈበትን ብርሃን ብቻ መልሶ ያሳያል። ለኅትመት የሚሠራበት ሞኒተር ድምቀቱ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ (የብርሃን መለኪያ) ቢሆን ይመረጣል፤ አዲስ ሞኒተር ግን ከካርቶኑ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከዚህ በእጥፍ ደምቆ ይመጣል። በዚህ በበዛ ድምቀት ፊት ተቀምጠው ፎቶው በቂ ብርሃን እንዳለው ይወስናሉ፤ ወረቀቱ ግን በፋይሉ ውስጥ ያለውን ጨለማ እንዳለ ያወጣዋል።

በዓይን ማመሳሰሉን ይተዉት። ዓይን ካለበት ብርሃን ጋር ቶሎ ይላመዳል፤ የተሳሳተ ኅትመትን መለኪያ አድርጎ ሞኒተሩን መለወጥም ስህተቱን ሁለት ያደርገዋል። የሚያስፈልገው ኮሎሪሜትር ነው። ይህ መሣሪያ ከስክሪኑ ፊት ተደግፎ፣ ፕሮግራሙ የሚያሳያቸውን የታወቁ ቀለሞች አንድ በአንድ ይለካና ሞኒተሩ ከትክክለኛው ምን ያህል እንደራቀ የሚመዘግብ ፕሮፋይል እንዲዘጋጅ ያደርጋል። በፕሮግራሙ ላይ ነጩን (ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱን የሚወስነውን) 6500 ኬልቪን፣ ጋማውን (በጥቁርና በነጭ መካከል ያሉት ድምቀቶች የሚያዙበትን ልክ) 2.2 አድርገው ይምረጡ፤ ሞኒተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድመው ያብሩት፣ የመስኮት ብርሃንም አይረፍበት። ልኬቱን በየወሩ መድገም ይበቃል፤ ስለዚህ ዋጋው ከከበደ ሁለት ሦስት ስቱዲዮዎች አንዱን መሣሪያ በጋራ ቢገዙት ጥሩ ነው።

የፊቱ መቅላት ግን ከፕሪንተሩ በኩል የመጣ ይመስለኛል። በቅድሚያ የቀለም መርጫ ቀዳዳዎቹን በሙከራ ገጽ ይፈትሹ፤ የሳያኑ (ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ሰማያዊ ቀለም) ቀዳዳ ከተደፈነ ፊት ይቀላል። ቀዳዳዎቹ ደህና ከሆኑ፣ ቀለሙ ሁለት ጊዜ እየተስተካከለ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ፎቶሾፕ ቀለሙን እንዲቆጣጠር አዝዘው የፕሪንተሩን የራሱን ማስተካከያ ሳያጠፉ ከቀሩ፣ ሁለቱም በየፊናቸው ስለሚሠሩ ፎቶው ቀላ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ደግሞም የፕሪንተር ፕሮፋይል የሚያገለግለው ለተሠራበት ፕሪንተር፣ ቀለምና ወረቀት ብቻ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ሲቀየር፣ ለምሳሌ ካርትሬጁ በሌላ ዓይነት ቀለም ሲሞላ፣ የቀድሞው ፕሮፋይል አይሠራም።

ስለ ነጠላው፣ እንዲህ ያለው ፕሪንተር ነጭ ቀለም ስለሌለው በኅትመት ላይ የሚያዩት ንጹሕ ነጭ የወረቀቱ የራሱ ነጭ ነው። ብዙ የፎቶ ወረቀቶች በጣም ነጭ ሆነው እንዲታዩ የሚያበራ ኬሚካል ስለሚጨመርባቸው በቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። ለሐበሻ ልብስ ይህ ኬሚካል የሌለበትን ወረቀት እመርጣለሁ፤ የጥጡ ሞቅ ያለ ነጭና የጥበቡ ቀለም በእሱ ላይ ይበልጥ ያምራሉ።

ለፎቶ ቤት የሚሰጡትን ፋይል ወደ ኤስአርጂቢ ይቀይሩት። ይህ እ.ኤ.አ. በ1996 ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት ያቀረቡት የቀለም ደረጃ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ማሽኖች የሚጠብቁትም እሱን ነው፤ አዶቤ አርጂቢ በተባለው ሌላ፣ ሰፋ ያለ የቀለም ደረጃ የተቀመጠ ፋይል በእነሱ ዘንድ ፈዝዞ ሊወጣ ይችላል። ማሽኑ በራሱ የሚያደርገውን ማስተካከያ እንዲያጠፉልዎም አጥብቀው ይጠይቁ። ይህን የምለው ከታሪክ ተነሥቼ ነው፤ ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች የሚልከው «ሸርሊ ካርድ» የተባለው መመዘኛ ለአሥርተ ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ስለነበር፣ የጥቁር ሰው ቆዳ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም ነበር። የእኛን ጠይም፣ ቀይ ዳማና ጥቁር ፊት በአግባቡ የሚመዝን ካርድ ራስዎ ያዘጋጁ፤ ፈቃዳቸውን የሰጡ ሦስት ሰዎችን ነጠላ አልብሰው በአንድ ብርሃን ያንሡና፣ ወረቀት ወይም ቀለም በቀየሩ ቁጥር ያንኑ ፎቶ ያትሙ። የታተመውን እስከ ማግስቱ አድርቀው፣ ከአምፖል ሥር ሳይሆን ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት የመስኮት ብርሃን ይመልከቱት።