ምናባዊ ልብ ወለድ፥ ፊልምና የጠረጴዛ ጨዋታ ለክርስቲያን ይገባልን?

ጥያቄ፦ መምህር፥ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው በጀርመን ሲሆን በሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ዕረፍት ሳገኝ ዘንዶዎች፥ ጠንቋዮችና በምድር ላይ ኖረው የማያውቁ መንግሥታት የሚተረኩባቸውን ልብ ወለዶች አነባለሁ፤ ከእነርሱ የተሠሩ ፊልሞችንም አያለሁ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ጠረጴዛ ከበን፥ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን፥ ዳይስ እየጣልን ታሪኩን በጋራ የምንፈጥርበት ጨዋታ እንጫወታለን። የእኔ ገጸ ባሕርይ ለአንዲት የፈጠራ አምላክ የሚያገለግል ካህን ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ መጻሕፍቱን ስታይ «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው፤ አቃጥለው» አለችኝ። በእርግጥ ኃጢአት ነውን? መጻሕፍቱንስ ማቃጠል ይገባኛል?

መልስ፦ ወንድሜ ሆይ፥ የእናትህን ቃል በልብህ ይዘህ መጠየቅህ መልካም ነው። አሳቤን አስቀድሜ ልንገርህ። የፈጠራ ታሪክን ፈጠራ መሆኑን እያወቁ ማንበብ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ከዘረዘርኸው ሁሉ እኔን የሚያሳስቡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም በገዛ አንደበትህ የሐሰት አምላክ ካህን ሆነህ መናገርህና ጨዋታው የሚደረግበት ቅዳሜ ማታ ናቸው።

ዕረፍትን በተመለከተ ልብህ አይወቅስህ። ሐዋርያት ከስብከት በተመለሱ ጊዜ፥ የሚመጡትና የሚሄዱት ብዙ ስለ ነበሩ እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡበት ሰዓት፥ ጌታችን ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ አዝዟቸዋል (ማር. 6፥31)። በገዳማውያን አባቶች ታሪክም አንድ አዳኝ አባ እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ሲጫወቱ አይቶ እንደ ተሰናከለ ይነገራል። አባም ደጋኑን እንዲለጥጥ፥ ከዚያም ደጋግሞ አብዝቶ እንዲለጥጥ አዘዙት፤ አዳኙ «ከልክ በላይ ብለጥጠው ይሰበራል» ባለ ጊዜ፥ ወንድሞችንም ከልክ በላይ ብናስጨንቃቸው እንዲሁ ይሰበራሉ ብለው መለሱለት። ሌሊቱን ሙሉ በሕሙማን መካከል ቆሞ የሚያድር ሰው አእምሮውን የሚያሳርፍበት ነገር መፈለጉ የሰውነት ባሕርይ ነው።

የፈጠራ ታሪክም ለመጽሐፍ ቅዱስ እንግዳ አይደለም። ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች የነገራቸውን አስብ፤ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ሄዱ፥ ወይራው፥ በለሱና ወይኑ እንቢ አሉ፥ እሾሁ ግን ተቀበለ (መሳ. 9፥8-15)። ዛፍ እንደማይናገር ተናጋሪውም ሰሚዎቹም ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን አቤሜሌክ ወንድሞቹን ገድሎ መንገሡን በግልጽ ከመክሰስ ይልቅ ታሪኩ ይበልጥ ወጋቸው። ነቢዩ ናታንም ዳዊትን ለንስሐ ያበቃው በአንድ ባለጠጋና በአንድ ድሀ ታሪክ ነው። እኛም ብንሆን እናቶቻችን ማታ ማታ «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ብለን እየመለስን፥ ጅብና አንበሳ የሚነጋገሩባቸውን ተረቶች ሰምተን አድገናል፤ ስለዚህም ከሃይማኖት የወጣ ማንም የለም። ይህን የድርሰት ዓይነት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ካስፋፉት ጸሐፊዎች አንዱ የሆኑት የኦክስፎርዱ መምህር ቶልኪን አጥባቂ የካቶሊክ አማኝ ነበሩ። የጸሐፊው እምነት መጽሐፉን ቅዱስ አያደርገውም፤ ዘንዶና አስማት ያለበት ድርሰት ሁሉ ከሰይጣን አምልኮ የተወለደ እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ከቅዱስ ጎርጎርዮስ ጋር በአቴና የተማረ አባት ስለ ነበር፥ ወጣቶች የአረማውያንን ድርሰት እንዴት ማንበብ እንደሚገባቸው ሲመክር ሁለቱንም ጽንፍ ትቷል። ባለቅኔዎቹ የመልካም ሰዎችን ሥራና ቃል ሲተርኩ እንዲወድዱትና እንዲመስሉት፥ ክፉዎችን ሲያመሰግኑ፥ ይልቁንም ስለ አማልክቶቻቸው ዝሙትና ጠብ ሲያወሩ ጆሮአቸውን እንዲደፍኑ አስተምሯል። ያን ጊዜ የጣዖታት መሥዋዕት ገና ጨርሶ አልጠፋም ነበር፤ እንግዲህ አረማዊነት በሕይወት ሳለ ይህን የፈቀደ አባት፥ ማንም ስለማያመልካቸው የልብ ወለድ አማልክት ከዚህ የጠበቀ ፍርድ ይሰጥ ነበር ብዬ አላምንም።

አስማትን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ላይ ምዋርተኛ፥ አስማተኛ፥ መናፍስት ጠሪ፥ ሙታን ሳቢም በሕዝቡ መካከል እንዳይገኝ ታዝዟል። የተከለከለው ከእግዚአብሔር ውጭ ካለ ኃይል ዕውቀትን ወይም ረድኤትን መፈለግ ነው። በታሪክ ውስጥ ያለ ሽማግሌ በትሩን አንሥቶ ብርሃን ሲያወጣ ስታነብ ከማንም ምንም አልለመንህም። ይልቁንስ በብዙ ቤቶች የማየው ነገር ያሳዝነኛል። ልጁ የጠንቋይ ታሪክ አነበበ ብሎ የሚደነግጥ አባት፥ ራሱ የስሙንና የእናቱን ስም ፊደላት ቁጥር ደምሮ ለ12 እየገደፈ በዓውደ ነገሥት ኮከቡን ያስቆጥራል፤ የታመመ ልጁን ወደ ጠበል ከመውሰዱ በፊት ክታብ ያስጽፍለታል። ዘዳግም የሚናገረው ስለዚህ ነው፤ ንስሐ የሚያስፈልገውም ይህ ነው። በአንተ ቤት ከዚህ አንዳች ካለ፥ ወይም ከምታነባቸው መካከል እውነተኛ የጥንቆላ ሥርዓትን፥ የጥንቆላ ካርታን ወይም መናፍስት መጥራትን የሚያስተምር መጽሐፍ ካለ፥ እርሱን ዛሬውኑ አስወግድ።

ፊልሞቹን ስትመርጥ ከአስማቱ ይልቅ ሌላ ነገር እንድትመለከት እለምንሃለሁ። ከእነዚህ ታሪኮች የሚሠሩ አንዳንድ ተከታታይ ፊልሞች ዕርቃንንና ዝሙትን፥ ሰውን አሠቃይቶ መግደልንም ለዓይን ደስታ ያቀርባሉ፤ ብዙ ምእመናንም ዘንዶውን እየፈሩ ይህን ዝም ብለው ያሳልፉታል። አንድ ታሪክ ሥልጣንን የሚመኝ ሰው እንዴት እንደሚጠፋ፥ ደካማውም ስለ ወዳጁ እንዴት እንደሚጸና እያሳየህ ከሆነ፥ ካነበብኸው በኋላ ለበጎ ነገር ትነሣሣለህ። በቀልን የሚያስመኝህ፥ ለጸሎት ስትቆም ርኩስ ሥዕል እየደቀነ የሚያውክህ ከሆነ ግን በርዕሱ አስማት የሚል ቃል ባይኖርበትም ተወው። ቅዱስ ያሬድም በጾመ ድጓው «ይጹም ዐይን፥ ይጹም ልሳን፥ እዝንኒ ይጹም እምሰሚዐ ኅሡም» ብሎ፥ ዓይናችንና አንደበታችን እንዲጾሙ፥ ጆሮአችንም ክፉ ከመስማት እንዲጾም ያሳስበናል።

የጠረጴዛ ጨዋታው ከንባብ ይለያል። ከእነዚህ ጨዋታዎች ቀዳሚው በአሜሪካ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፥ በ1980ዎቹ በዚያ ያሉ ብዙ ክርስቲያኖች ወጣቶችን ወደ ሰይጣን አምልኮ ያስገባል ብለው እጅግ ፈርተውት ነበር። እኔ ያንን ፍርሃት አልደግምልህም። ዳይሱም ቢሆን ገንዘብ እስካልተያዘበት ድረስ አያሳስበኝም፤ የሐዋርያት ቀኖና ዳይስን ከስካር ጋር አጣምሮ የሚከለክለው ቁማርተኛውን ነው። ነገር ግን አንባቢ ሌላው የተናገረውን ይሰማል፤ በጨዋታው ውስጥ ግን ተናጋሪው አንተ ነህ። እሑድ በጸሎተ ሃይማኖት «ነአምን በአሐዱ አምላክ» የሚል አፍ፥ ቅዳሜ ማታ በቀልድም ቢሆን ለሌላ አምላክ ጸሎት እያቀረበ ረድኤት ሲለምን ማየት ልቤን ይከብደዋል። በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን የነበሩት ሰማዕታት ጣዖቱ ከንቱ መሆኑን እያወቁ ቅንጣት ዕጣን አናጥንም ብለው ሞተዋል። የአንተ ጨዋታ ያንን ያህል ነው አልልህም፤ ማንም ክርስቶስን እንድትክድ አላስገደደህም፥ አንተም አላመለክህም። ነገር ግን እነርሱ ይህን ያህል የጠበቁትን አንደበት እኛ ለመዝናኛ አናውለው። ጨዋታው ባለ ብዙ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ወታደር፥ መንገድ መሪ ወይም ሐኪም ሆነህ መጫወት ትችላለህና ለጨዋታው መሪ ሃይማኖትህን በግልጽ ነግረህ ገጸ ባሕርይህን ለውጥ። ከሥራ ባልደረቦችህ መካከል ስለ እምነትህ ሰምቶ የማያውቅ ካለ፥ ይህ ለእርሱም ምስክርነት ይሆንለታል።

ቅዳሜ ማታ ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ሥጋወደሙን የሚቀበል ሰው 18 ሰዓት እንዲጾም ሥርዓታችን ያዝዛል፤ እሑድ ቀትር ላይ የምትቆርብ ከሆነ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ምግብም መጠጥም ወደ አፍህ አይገባም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ እስከ እኩለ ሌሊት እንደሚዘልቅ፥ ጠረጴዛውም ያለ መክሰስና ያለ ቢራ እንደማይሆን አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ። ባለፈው ጊዜ ከቅዳሴ የቀረኸው በሥራ ፈረቃ ምክንያት ነው ወይስ በጨዋታው? ይህን ለራስህ በእውነት መልስ። ቅዱስ ጳውሎስ ሁሉ ቢፈቀድለትም አንድ ነገር እንኳ በእርሱ ላይ እንዳይሠለጥንበት ተጠንቅቋል (1ቆሮ. 6፥12)፤ ከቅዳሴ የሚያስቀርህ መዝናኛ በአንተ ላይ ሠልጥኗል። ስለዚህ ጨዋታውን ወደ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይም ሁላችሁም ወደምታርፉበት ሌላ ቀን አዛውሩት፤ ካልተቻለም ልትቆርብ ባሰብህበት ሳምንት ቅር። በዐቢይ ጾምና ከነሐሴ 1 እስከ 15 በምንጾማት በጾመ ፍልሰታ ደግሞ ልብ ወለዱንም ጨዋታውንም አቁመህ ያንን ሰዓት ለመዝሙረ ዳዊትና ለውዳሴ ማርያም ስጥ።

መጻሕፍቱን ስለ ማቃጠል ለጠየቅኸው፥ በኤፌሶን የዋጋቸው ድምር 50,000 ብር የሆነ መጻሕፍት የተቃጠሉት ባለቤቶቻቸው አስማትን ራሱን ይሠሩባቸው ስለ ነበር ነው (ሐዋ. 19፥19)። ልብ ወለዶችህ ከዚያ ወገን ስላይደሉ ማቃጠል አይገባህም። ሆኖም ከላይ በተናገርሁት መለኪያ አንድ በአንድ መርምራቸው፤ ልብህ እየወቀሰህ የምታነበው መጽሐፍ ካለ፥ ሌላው ሰው ያለ ነውር ቢያነበውም አንተ ተወው። እናትህን ግን በክርክር አታሸንፋት። ከመጻሕፍቱ አንዱን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ተርክላት፥ ምን እንደሚያስፈራትም ጠይቃት። በእንግድነት አብራህ በምትሆንበት ጊዜ ሁሉ፥ ከሥዕላቸው የተነሣ የምትታወክባቸውን መጻሕፍት ከመደርደሪያው አንሣላት፤ ከአንተ ጋርም ወደ ቅዳሴ ይዘሃት ሂድ። ስለ ገጸ ባሕርይህና ስለ ቀሩብህ ቅዳሴዎች ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ የጨዋታውን ልክ እርሳቸው ወስነው ቢቀንሱልህ በፍቅር ተቀበል።