«ፈሪሃ እግዚአብሔር የሌለው በገንዘብ አይታመንም» ተባልሁ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። ያደግሁት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ሰብ ውስጥ ቢሆንም፣ ካለፉት ዓመታት ወዲህ ግን በፈጣሪ መኖር አላምንም። ይህን ለማንም ሰብኬ አላውቅም። ስብሰባችን በጸሎት ሲከፈት አብሬ እንደማልጸልይ ያስተዋለ ባልደረባዬ ሲጠይቀኝ ግን እውነቱን ነገርሁት። ወሬው ከተሰማ በኋላ ለግዥ ኮሚቴ አባልነት ቀርቦ የነበረው ስሜ ተሰረዘ፤ ኀላፊዬም በሰው ፊት «ፈሪሃ እግዚአብሔር የሌለው በገንዘብ አይታመንም» አሉ። በሰፈራችን እድርም «እንዲህ ያለውን ማን ይቀብረዋል?» መባል ተጀምሯል። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው? ዝም ብልስ ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስምዎ የተሰረዘው በገለጹት ምክንያት ከሆነ የተፈጸመብዎ ነገር ሕገ ወጥ ነው። ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ አማኝ ሆኜ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 25 ሰዎች በሃይማኖት ምክንያት ልዩነት ሊደረግባቸው እንደማይገባ፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንኛውም ሰው የማሰብ፣ የሕሊናና የሃይማኖት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። «ይህ የሚጠብቀው ሃይማኖት ያለውን ብቻ ነው» የሚል ሰው ቢገጥምዎ፣ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 18 ተመሳሳይ ነፃነት እንደሚሰጥ፣ የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴም በዚያው ዓመት ባወጣው ማብራሪያ ጥበቃው ፈጣሪ የለም የሚሉትን ጭምር እንደሚያካትት መግለጹን ያስረዱት።

የኀላፊዎ ንግግር ከየት እንደመነጨ መረዳትም ይገባል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከአማራ ክልል ነዋሪ 82.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 17.2 በመቶው ሙስሊም ሆኖ ተመዝግቧል፤ እንዲህ ባለ አገር ሃይማኖት የሌለው ጎረቤት እንዳለው የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ብዙ አረጋውያን «እግዚአብሔር የለም» የሚለውን ቃል የሚያስታውሱት ከደርግ ካድሬ አንደበት ነው። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት ተገደሉ። ይህ ቁስል እውነተኛ ስለሆነ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ይሁን እንጂ ያን ግፍ የፈጸመው በዜጎቹ ሕሊና ላይ ሥልጣን አለኝ ያለ መንግሥት ነው፤ ዕዳው በአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ላይ የሚጫንበት ምክንያት የለም። ቤተ መንግሥታቸው በጣና ሐይቅ ዳር በጎርጎራ የነበረው ዐፄ ሱስንዮስም የካቶሊክ እምነትን በአዋጅ በሕዝቡ ላይ ለመጫን ሞክረው፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ አባቶቹ እምነት እንዲመለስ ለመፍቀድ ተገደዋል። የጣና ዳር ሰው ልብን በሥልጣን ማስገደድ ምን እንደሚያስከትል ከሌላው ቀድሞ ያውቃል።

ስለ ታማኝነት የተባለው ደግሞ በአገራችን የሕግ ታሪክም የሚደገፍ አይደለም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን በነበረችበት ዘመን፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምስክር ቃሉን ከመስጠቱ በፊት እንዲምል ወይም እውነት ለመናገር ቃል በመግባት እንዲያረጋግጥ ፈቅዷል። በሰው ነፍስ ላይ የሚመሰክር ሰው ያለ መሐላ ቃሉ ከታመነ፣ የግዥ ሰነድ የሚመረምር ሰው በእምነቱ የሚመዘንበት ምክንያት አይታየኝም። የመንግሥትን ገንዘብ የሚጠብቀው የጨረታ ሰነድ፣ የተጠያቂነት ፊርማና ኦዲት ነው፤ በገንዘብ ያጎደለውም ሰው ቢሆን የሚጠየቀው ባጎደለው ልክ ነው።

እንግዲህ ከኮሚቴው የተሰረዙበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ የተነገረውን ቃል፣ ቀኑንና የሰሙትን ሰዎች መዝግበው ይያዙ። ቅሬታዎን መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ አካል፣ መፍትሔ ካላገኙም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ላላቸው ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላሉ። ስለማያምኑት ነገር ለባልደረቦችዎ የማብራራት ግዴታ ግን የለብዎትም፤ በማመልከቻዎም ላይ ስለ ፈጣሪ መኖር መከራከር አያስፈልግዎትም። ጉዳዩ የሥራ ምደባ ስለሆነ በዚያው ላይ ይጽኑ። ስብሰባ በጸሎት ሲከፈት ዝም ብለው መቆምዎ አክብሮት ስለሆነ ቢቀጥሉበት መልካም ነው፤ እንዲጸልዩ ማስገደድ ግን ለማንም አልተፈቀደም።

የእድሩ ጉዳይ ይከብዳል። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ በመቃብር ቦታው የራሱን ምእመን ብቻ ቢቀብር ሥርዓቱ ነው፤ ይህን እንዲለውጥ መጠየቅም የሌላውን ነፃነት መንካት ይሆናል። እድር ግን ወርኃዊ መዋጮ ከፍሎ፣ ድንኳን ተክሎና ለቅሶ ደርሶ የኖረን አባል የሚመዝነው በመተዳደሪያ ደንቡ ነው። ደንቡን አስወጥተው ያንብቡ፤ ሃይማኖትን የአባልነት መስፈርት ያላደረገ ከሆነ፣ የእድሩ ዳኛ ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲያቀርቡ ይጠይቁ፤ ከመሄድዎ በፊትም ሐዘን ላይ አብረዋቸው ከቆሙ ጎረቤቶች ሁለት ሦስቱን ያነጋግሩ። ለከተማው አስተዳደርም ቢሆን፣ የቤተ እምነት መቃብር ለሌላቸው ነዋሪዎች የቀብር ቦታ እንዲያዘጋጅ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ።