ኪሎዬ ያው ነው፣ ሱሪዬ ግን አልዘጋ አለኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በኮሮና ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ሁለተኛ አመት ነበርኩ፣ ከዛ ወራት ሙሉ ኦንላይን ክላስ፣ አልጋና ስልክ ብቻ። ግቢ ስንመለስ ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ 58 ኪሎ፣ ከመዘጋቱ በፊትም 58 ነበርኩ። ግን ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልዘጋ አለ፣ ሶስተኛ ፎቅ ስወጣ ደግሞ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። ጓደኞቼ ኪሎሽ ካልጨመረ ምንም አልሆንሽም ይሉኛል። ድሮም እኮ ስፖርት ሰርቼ አላውቅም፣ ታዲያ ምን አጥቼ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ከሚዛኑ ይልቅ ሱሪሽን ነው የማምነው። ሚዛን ስብ ይሁን ጡንቻ ይሁን ውሃ አይለይም፣ ሁለት ኪሎ ጡንቻ ሄዶ ሁለት ኪሎ ስብ ቢተካ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም፣ ስብ ደግሞ ክብደቱ እኩል ሆኖ ከጡንቻ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ቢኤምአይ የሚባለው የውፍረት መለኪያም ከኪሎና ከቁመት ስለሚሰላ ይሄን አያሳይሽም።

ስፖርት ሰርቼ አላውቅም ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። ከዶርም ክላስ፣ ከክላስ ላይብረሪ፣ ከዛ ካፌ፣ ደብተር ረስተሽ ተመልሰሽ ዶርም፣ ደረጃው ምናምን፣ ይሄ ሁሉ እንቅስቃሴ ነበር፣ ስፖርት ብሎ የሚጠራው ስለሌለ ሲቀርም ማንም ልብ አላለውም። በተለያየ አገር ተማሪዎች ላይ በተሰሩ ጥናቶችም ደጋግሞ የታየው መራመድ ቀንሶ መቀመጥ መጨመሩ ነው። ኪሎ ላይ ግን የጨመረም የቀነሰም አለ፣ ጭራሽ ጊዜ አግኝቶ ቤቱ ውስጥ ስፖርት የጀመረም አለ።

ከኮሮና በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ የዴንማርክ ጥናት አለ፣ ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በቀን 10,000 ገደማ ከነበረው እርምጃቸው ከ1,500 በታች አወረዷቸው፣ ለ2 ሳምንት ብቻ። የእግራቸው ጡንቻ ቀነሰ፣ የልብና የሳንባ አቅማቸው ወረደ፣ ሰውነታቸው የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ የሚሰጠው ምላሽም ደከመ። በ2 ሳምንት! አንቺ ወራት ነው የተቀመጥሽው፣ ደረጃው ቢከብድሽ ምን ይገርማል።

አሁን ምግብ በመቀነስ እንዳትጀምሪ፣ ጡንቻውን ሳታሰሪ ብትራቢ ከስቡ ጋር እሱም ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፣ ፈጠን ያለ እርምጃ በቂ ነው፣ ከዛ በተጨማሪ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ስራ፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው ይሄንን ሁለተኛውን ነው፣ ላንቺ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። ጂም አያስፈልግሽም፣ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽአፕ፣ ያው ሶስተኛ ፎቅም አለልሽ። ቁጭ ብለሽ እያለ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይ ደረትሽን ካመመሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ሀኪም ጋ ሂጂ።

ለውጡን ለማየት በየ2 ሳምንቱ ጠዋት ሳትበዪ ወገብሽን በሜትር ለኪ፣ ሚዛኑን ለጓደኞችሽ ተይላቸው።