በቤት ጋራዥ ሞተር ሳይክል ስለ መሥራት፦ ከአዳማ ጥያቄና መልስ

አዳማ ውስጥ በግቢዬ ባለች ጠባብ ጋራዥ አሮጌ ሞተር ሳይክሎችን ፈትቼ በሌላ መልክ እንደምሠራ የሚያውቁ ሰዎች ጥያቄ ስላበዙብኝ፣ ዛሬ ጥያቄዎቻቸውን ተቀብዬ በጽሑፍ እመልሳለሁ። አብዛኛው የሚጠየቀው ስለ ቀለምና ስለ ድምፅ ነው፤ እኔ ግን ደጋግሜ ወደ ሻንሲና ወደ ፍሬን መመለሴ ስለማይቀር ጠያቂዎቼ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው ሞተር መነሻ ቢሆን ይመክራሉ?

ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝና መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ ይሁን። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ሲጂ 125 ጥገና በማይዘወተርባቸው አገሮች እንዲያገለግል ታስቦ የተነደፈ ሲሆን፣ የቻይና አምራቾችም አብዝተው ስለቀዱት ለመማሪያ የሚሆን የተሻለ ሞተር አላውቅም። ሲገዙ ግን ከሞተሩ ድምፅ አስቀድመው ሊብሬውን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ የፊት ፎርኬላውን (የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ) አርዝሜና አጋድሜ እንደ አሜሪካ ቾፐር፣ ማለትም የፊት ጎማው ወደ ፊት ርቆ እንደወጣው ሞተር፣ ላደርገው አስቤያለሁ። ምን ይመስልዎታል?

ወንድሜ፣ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ረጅም መልስ የሚያስፈልገው ይህ ነው። መሪው የሚዞርበትን ዘንግ በሐሳብዎ ቀጥ አድርገው እስከ መሬት ያውርዱት። ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ ዘንጉ ካረፈበት ነጥብ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የሚያስኬደው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። የጎማው ሬዲየስ 300 ሚሊ ሜትር፣ የፎርኬላው ዝንባሌ ከቀጥተኛ ቁመት 27 ዲግሪ፣ ፎርኬላው ከመሪው ዘንግ ወደ ፊት የወጣበት ልክ ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን ርቀቱ 97 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሌላውን ሳይነኩ ዝንባሌውን ብቻ 40 ዲግሪ ቢያደርሱት ርቀቱ ወደ 186 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሞተር በአውራ ጎዳና ላይ ረግቶ ይሄዳል፤ ነገር ግን በዝግታ ሲጓዙ መሪው ወደ ጎን መውደቅ ይጀምራል፣ ለማዞርም ጉልበት ይጠይቃል። በባጃጅና በጋሪ መካከል እየተሹለኮለኩ በሚነዳበት በእኛ ከተማ ይህ ጌጥ ሳይሆን ፈተና ነው። የመሪውን አንገት ሳይነኩ ከመቀመጫው ሥር ያለውን የኋላ ክፍል ብቻ አሳጥረው ቢሠሩት ከሩቅ የሚለይ ቅርጽ ያገኛሉ፤ አነዳዱም አይበላሽም።

ጥያቄ፦ ለኋላው ክፍል የውሃ ቧንቧ ብጠቀምስ?

አይጠቀሙ። በዚንክ የተለበጠ ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ያመጣል፤ ብየዳውም ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ግድግዳው ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር የብረት ቱቦ ይግዙ።

ጥያቄ፦ አርክ ብየዳ ይበቃል? ወይስ የግድ የጋዝ ያስፈልጋል?

በእጁ ለተማመነ ሰው 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይበቃል። ሁለት ቱቦ አፍ ለአፍ አጋጥሞ መበየድ ግን አይገባም፤ ውስጡ ልክክ ብሎ የሚገባ አጭር ቱቦ በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር አስገብተው፣ ውጪውን ቱቦ በጎኑ በስተው በቀዳዳውም በኩል ይበይዱት፤ ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን ይዝጉት። ከመበየድዎ በፊት ባትሪውንና ሲዲአይ የሚባለውን የማቀጣጠያ ኤሌክትሮኒክ ሣጥን ይንቀሉ። የማሽኑን የመሬት መቆንጠጫ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዙት፤ በጎማው ቸርኬ ላይ ቢይዙት ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ አልፎ ኳሶቹን ይለበልባቸዋል፣ ጎማውም ሲሽከረከር መንጋጋት ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ታንኩ ውስጡ ዝጓል፣ አንድ ቦታም ያፈሳል። ምን ላድርግ?

ለዝገቱ ታንኩን በአቼቶ ሞልተው አንድ ቀን ካሳደሩት በኋላ በቢካርቦኔት ውሃ አጥበው ወዲያው ያድርቁት። ብየዳውን ግን በቤትዎ አይሞክሩት። ባዶ የመሰለ ታንክ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተኑ ነውና።

ጥያቄ፦ ማርሚታውን ባወጣው ጉልበት ይጨምራል ይባላል። እውነት ነው?

ድምፅ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ አዳማ ላይ በደንብ የሚሠራው ሞተሬ አዲስ አበባ ሲደርስ ይታፈናል፤ ካንዴላውም (እሳት የሚሰጠው) ይጠቁራል።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚለቀው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ቅልቅሉ ቤንዚን ይበዛበታል። ለአዳማ አስተካክለው አልፎ አልፎ ብቻ ወደ ላይ የሚወጡ ከሆነ ተዉት፤ አዘውትረው የሚመላለሱ ከሆነ ግን ዋናውን ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍባትን የካርቡሬተር ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር አሳንሰው ካንዴላውን ይመልከቱ፦ ቡናማ መልክ ከያዘ ልክ ነው፤ ከነጣ ግን ቤንዚን ስላነሰው ፒስተኑን ከማቃጠሉ በፊት ወደ ቀድሞው ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ቀለም ቤት ሳልሄድ ራሴ ልቀባው እችላለሁ?

ይችላሉ፣ ግን አይቸኩሉ። አስቀድመው ሞተሩን ያለ ቀለም ከመብራት እስከ ታርጋ ሙሉ በሙሉ ገጥመው፣ ገመዱ ሁሉ በቦታው ማለፉን፣ መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ሲዞር ታንኩን አለመንካቱን፣ ካቴናውም ከሚዞርባቸው ከሁለቱ ባለ ጥርስ ስፕሮኬቶች ጋር ቀጥ ብሎ መስመር መያዙን አረጋግጡ። ቀለም ከተቀባ በኋላ የተረሳች አንዲት ቀዳዳ መብሳት የስንት ቀን ልፋት እንደምታበላሽ የሠራ ያውቃል። ቀጥሎ ፈትተው አንቲሩስት፣ ስቱኮ፣ ከዚያም ቀለም ይቀባሉ። የአዳማን ነፋስ ደግሞ አይናቁት፤ ለነፋስ ኃይል ማመንጫ የተመረጠች ከተማ አቧራዋም በዚያው ልክ ነው። ማለዳ ነፋሱ ሳይነሳ ወለሉን ውሃ ረጭተው ይቀቡ፤ ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለም ከሆነ ተራ የጨርቅ ጭምብል ስለማይበቃ ማጣሪያ ያለው ይልበሱ።

ጥያቄ፦ ሕጉስ?

ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥርና ቀለም ሰፍሯል፤ ከእነዚህ አንዱን የሚለውጥ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ። የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ብረት በግራይንደር መንካት ግን በምንም ምክንያት አይታሰብም።

ጥያቄ፦ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ወዲያው ሶደሬ ድረስ ብነዳውስ?

በመጀመሪያ በሰፈርዎ ባዶ መንገድ ላይ በዝግታ እየነዱ ፍሬኑን ደጋግመው ይሞክሩ። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ቴስተር ያድርጉ፤ ነዳጅ ሲሰጡት ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ቻርጅ ያደርጋል። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሰው ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና ያጥብቁ፤ በመጀመሪያው ንዝረት የማይላላ ብሎን ጥቂት ነው። ሶደሬ በሚቀጥለው እሑድም እዚያው ናት።